ከተራራ ወርደን የምናነባቸው፦ ለእግር ተጓዦች የመጽሐፍ ጥያቄና መልስ

ባለፈው እሑድ ከመናገሻ ሱባ ጫካ ወጥተን ሻይ ስንጠጣ አንዱ «ጋሼ፣ ስለ ተራራ ምን ላንብብ?» አለኝ። እሱ ሳይጨርስ ሌላው ቀጠለ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ጥያቄያችሁን ደብተሬ ላይ ጻፍኩትና ቤቴ ገብቼ፣ እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ መለስኩት። ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፤ የኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ። የመጽሐፎቹን ስም እንዳለ ያስቀመጥኩት ስትፈልጓቸው እንዲቀልላችሁ ነው።

ጥያቄ፦ በጥቅምት ሰሜን ተራሮች ልወጣ ነው። አንድ ብቻ ምረጥልኝ።

የክላይቭ ኒኮልን «ፍሮም ዘ ሩፍ ኦፍ አፍሪካ» ውሰድ። ሰውየው የዌልስ ተወላጅ ነው። ከ1967 እስከ 1969 ሰሜን ላይ የፓርክ ዋርደን ነበር። ያኔ ፓርኩ ገና በመቋቋም ላይ ነው። መንገድ የለም፣ ካምፕ የለም፣ ለጥበቃዎቹ የሚሆን ነገር ሁሉ በበቅሎ ነው የሚወጣው። መጽሐፉ ውስጥ ዋሊያ አለ፣ አዳኝ አለ፣ አጥንት የሚሰብር ብርድ አለ። ከቢሮ ጋር የተደረገ ማለቂያ የሌለው ጭቅጭቅም አለ። እዚያ የሚያርሰው ገበሬ ራሱ ቢጽፈው ኖሮ ሌላ መጽሐፍ ይወጣው ነበር፤ ያንን እያሰብክ አንብበው። ኒኮል በኋላ ጃፓን ገብቶ፣ ዜግነት ወስዶ፣ የተጎዳ ጫካ ገዝቶ ሲያለማ ኖሮ በ2020 ነው የሞተው።

ግን አንድ ምክር አለኝ። ሳትሄድ አታንብበው። አሁን ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ ብትባል ስም ብቻ ነው። ተመልሰህ ስታነበው ግን ጉልበትህ ራሱ ያስታውሳል። «ይቺን ዳገትማ አውቃታለሁ» ትላለህ። እኔ የጉዞ መጽሐፍ የሚጣፍጠኝ ሁልጊዜ ከወረድኩ በኋላ ነው። ከመሄድህ በፊት የሚያስፈልግህ ካርታ ነው። የበርን ዩኒቨርሲቲ ያወጣው 1 ለ100,000 የሰሜን ተጓዦች ካርታ ቆየት ቢልም ገደሉና ሸለቆው የትም አልሄደም።

ጥያቄ፦ ብቻዋን የተጓዘች ሴት የጻፈችው አለ? ቤተሰቦቼ «ሴት ልጅ ብቻዋን ተራራ!» እያሉ አስቸግረውኛል።

አለ እንጂ እህቴ! ደርቭላ መርፊ የምትባል አየርላንዳዊት አለች። በ1966 መጨረሻ ምጽዋ ወረደች። ከዚያ በቅሎ ገዝታ፣ በሰሜኑ ተራራ አቋርጣ፣ በእግሯ አዲስ አበባ ገባች። መጽሐፉ «ኢን ኢትዮጵያ ዊዝ ኤ ሙል» ይባላል፤ በ1968 ወጣ። በቅሎውን ጆክ ብላ ሰየመችው፤ የአሳታሚዋ ስም ነው። ቁንጫው፣ ጠላው፣ የገበሬ ቤት ጭሱ፣ የእግር ቁስሉ አንድም አልቀረም። ዘረፋም ደርሶባታል፤ አትደብቅም። ስለኛ የምትለው አንዳንዱ ያናድድሻል። እኔንም አናዶኛል፤ መጽሐፉን ወርውሬ ተመልሼ አንስቼዋለሁ። ግን ሴትየዋ ከልቧ ሄዳለች። የማታውቀው ቤት ገብታ የተሰጣትን በልታ፣ መደብ ላይ ተኝታ ነው የጻፈችው።

ለቤተሰቦችሽ ግን ይህን መጽሐፍ አታሳዪያቸው። ዘረፋው ላይ ሲደርሱ ጉዞሽ ያበቃል።

ሁለተኛ የምጨምርልሽ የሼሪል ስትሬይድን «ዋይልድ» ነው። በ1995፣ በ26 ዓመቷ፣ በአሜሪካ ምዕራብ በኩል ከ1,700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛለች። ልምድ አልነበራትም። ቦርሳዋ ከመክበዱ የተነሳ ሆቴል ክፍል ውስጥ ማንሳት አቅቷት ነበር። የምወድላት ነገር ያነበበችውን ገጽ እየቀደደች ማቃጠሏ ነው፤ ሸክም ለመቀነስ። መጽሐፍ ማቃጠል ነውር ነው ትሉኛላችሁ። አምስት ቀን ተሸክማችሁ ዳገት ውጡና ያኔ እንነጋገራለን።

ጥያቄ፦ ስለ ዳሎልና ስለ አፋር በረሃስ?

እዚህ ላይ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው። እንግሊዛዊ ይባል እንጂ አዲስ አበባ ነው የተወለደው፣ በ1910፣ እንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ውስጥ። በ1930 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ተጋብዞ መጣና ከበዓሉ በኋላ ወደ አዋሽ በረሃ ወረደ። ያኔ አዋሽ የት ገብቶ እንደሚጠፋ ለውጭው ዓለም እንቆቅልሽ ነበር። አፋሮቹማ ያውቁታል፤ ግመላቸውን እዚያው ነው የሚያጠጡት። በ1933 እና 34 ወንዙን ተከትሎ አቤ ሐይቅ ድረስ ሄደ። የዚያን ጊዜ ማስታወሻው «ዘ ዳናኪል ዳያሪ» ተብሎ በ1996 ታተመ። ደረቅ ነው፤ የቀን ውሎ መዝገብ ነው። ዛሬ ይህን ያህል ተጓዝን፣ ውሃ አጣን፣ ግመል ሞተ። እኔ ድርቀቱን ወድጄዋለሁ። በረሃ ላይ ቆንጆ ዓረፍተ ነገር የሚያምረው ማን ነው?

ሁለተኛው ኔስቢት ነው። በ1928 ዳናኪልን፣ ማለትም የአፋርን በረሃ፣ ከደቡብ እስከ ሰሜን ከሁለት ጣልያኖች ጋር አቋረጠ። «ዴዘርት ኤንድ ፎረስት» ይባላል፤ 1934።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። እነዚህን ሰዎች የመሩት፣ ግመል የጫኑት፣ ውሃ ያለበትን ያሳዩት የኛ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ ግን በመጽሐፎቹ ውስጥ ስም እንኳ የላቸውም፤ «አሽከሩ»፣ «መሪው» ብቻ ናቸው። እኔ አሁን ስጓዝ የበቅሎ ነጂውን ስም ጠይቄ ደብተሬ ላይ ሳልጽፍ አልተኛም።

ጥያቄ፦ በአማርኛ የለም ወይ? እንግሊዝኛ ሰለቸን።

ይኸ ጥያቄ ያመኛል። ተራራ ወጥቶ፣ ድንኳን ተክሎ በአማርኛ የጻፈልን ጥቂት ነው። ግን ጉዞ በአማርኛ አልተጻፈም ማለት ስሕተት ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ጀምሩ። በ1931 ወደ ጃፓን ተልከው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው በ1924 ዓ.ም. አሳተሙት። በመርከብና በባቡር እንጂ በእግር አይደለም። ግን እንዴት እንደሚያዩ ተመልከቱ። ያዩትን ሁሉ «አገሬ ላይ ቢሆን» በሚል ዓይን ነው የሚመዝኑት።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ደግሞ በ1908 ሮም ላይ ለአቢሲኒያ ተጓዥ የሚሆን መምሪያ አውጥተዋል፤ ፈረንሳይኛና አማርኛ። ጭውውት ነው። የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት መንገደኛ ምን ይጠይቅ እንደነበር ከዚያ ይገባችኋል። አማርኛውን ለማንበብ ብቻ ይበቃል።

ሦስተኛው የሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ» ነው። የጦርነት ማስታወሻ ነው፤ ማንም የጉዞ መጽሐፍ አይለውም። እኔ እለዋለሁ። የራስ እምሩ ጦር ከጎጃም ተነስቶ ሽሬ ድረስ በእግሩ ነው የዘመተው። እኛ ውሃ በማያስገባ የጎሬ ቴክስ ጫማ ሦስት ቀን ሄደን ፎቶ እንለጥፋለን።

ጥያቄ፦ ልብ የሚያንጠለጥል፣ ሰው ከሞት የተረፈበት ታሪክ ስጠን!

ይቺን ማን እንደጠየቀ አውቃለሁ፤ ሱባ ላይ ዝንጀሮ ሲጮህ መጀመሪያ የሮጠው ነው።

ከሁሉም የአልፍሬድ ላንሲንግን «ኢንዱራንስ» አስቀድማለሁ፤ 1959። ሻክልተን የሚባል ሰው 27 ሰዎች ይዞ ወደ ደቡብ ዋልታ ወረደ። በ1915 መርከባቸው በረዶ ውስጥ ተቀርቅራ ቆይታ ሰመጠች። በረዶ ላይ ወራት ኖሩ። አብረዋቸው የተሳፈሩትን ውሾች በሉ። በመጨረሻ ስድስት ሆነው በትንሽ ጀልባ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ባሕር አቋርጠው እርዳታ አመጡ። 28ቱም በሕይወት ተረፉ። ላንሲንግ በሕይወት የነበሩትን አግኝቶ አነጋግሯል፤ ማስታወሻቸውን አንብቧል። ለዚያ ነው ያለ ጋጋታ የሚገርመው። ስለ መሪነት እየጠቀሱ ስልጠና የሚሸጡ ሰዎች መጽሐፉን አርክሰውብኛል፤ እነሱን እርሷቸው።

የሞሪስ ኤርዞግ «አናፑርና» ሌላ ነው፤ ኔፓል ያለ ተራራ ስም ነው። ጁን 3 ቀን 1950 ከጓደኛው ላሽናል ጋር ጫፉ ላይ ወጡ። ከ8,000 ሜትር በላይ ካሉት ተራሮች ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጣው እሱ ነው። ሲወርዱ ብርድ በላቸው። ኤርዞግ ጣቶቹን አጣ፤ መጽሐፉን ሆስፒታል ተኝቶ በቃሉ እየነገረ ነው ያስጻፈው። ከዓመታት በኋላ የላሽናል ማስታወሻ ሳይቆረጥ ሲወጣ ነገሩ እንደተወራው ያማረ እንዳልነበር ታወቀ። ስለዚህ መጽሐፉን አንብቡ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑት።

«ኢንቱ ቲን ኤር» ደግሞ የጆን ክራካወር ነው። በግንቦት 1996 ኤቨረስት ላይ በአንድ ማዕበል 8 ሰዎች ሞቱ፤ እሱ እዚያው ነበር። ለመመለስ የያዙትን ሰዓት ማክበር ለምን እንደሚያስፈልግ ከኔ ጭቅጭቅ ይልቅ እሱ ያሳምናችኋል።

ጥያቄ፦ ጡረታ ወጥቻለሁ። እናንተ ስትሮጡ እኔ ከኋላ ነው የምቀረው። ለኔ የሚሆን አለ?

ጋሼ፣ ለእርስዎ ያሰብኩት አለ። ናን ሼፐርድ የምትባል ስኮትላንዳዊት መምህርት «ዘ ሊቪንግ ማውንቴን» የሚል ቀጭን መጽሐፍ ጽፋለች። በ1940ዎቹ ጽፋው ወደ 30 ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተኛ፤ በ1977 ነው የታተመው። ጫፍ መውጣት አያስጨንቃትም። ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ተራራ ውስጥ ስትመላለስ ኖራለች። ውሃው፣ ድንጋዩ፣ ብርሃኑ፣ ሜዳ ላይ ተኝቶ መንቃቱ፤ ሌላ ነገር የለውም። ከኋላ የሚቀር ሰው የሚያየውን ነው የጻፈችው። ባለፈው ጉሬዛዋን ያዩት እርስዎ ብቻ አይደሉ?

ጥያቄ፦ ከፍታ ራሴን ያዞረኛል። የሕክምና መጽሐፍ አለ?

የዴቪድ ወርነር «ዌር ዜር ኢዝ ኖ ዶክተር»። መጀመሪያ በስፓኒሽ ለሜክሲኮ ተራራ ገበሬዎች ነው የተጻፈው። ከአሳታሚው ድረ ገጽ በነፃ ይገኛል። ስብራት፣ ተቅማጥ፣ ቁስል፣ የእባብ ንክሻ፣ ሁሉም በሥዕል አለ። ይኸኛው ከጉዞ በፊት የሚነበብ ነው፤ ከወረዱ በኋላ ምን ያደርጋል?

ስለ ከፍታው ግን መጽሐፍ አትጠብቅ። ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆን የምታድርበትን ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምር። ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ካስታወከህ፣ አረማመድህ ከተንገዳገደ ውረድ። ሻይም ነጭ ሽንኩርትም አያድንም። መውረድ ብቻ።

ጥያቄ፦ ዛፍና ወፍ መለየት እፈልጋለሁ።

ለዛፍ የአዘነ በቀለ ተሰማ «ዩስፉል ትሪስ ኤንድ ሽረብስ» አለ፤ መጀመሪያ በ1993 ነው የወጣው። የምወደው የዛፉን ስም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ስለሚሰጥ ነው። ኮሶ፣ ዝግባ፣ አስታ፣ ወይራ፤ አያታችን ትጠራው በነበረው ስም ፈልገህ ታገኘዋለህ። ለወፍ «በርድስ ኦፍ ዘ ሆርን ኦፍ አፍሪካ» ነው፤ 2009። ከባድ ነው፣ ግን ከአንድ ሰው ቦርሳ ውስጥ ለቡድኑ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፤ ለእረፍት መጥቼ ነው። እዚያ ላሉ ሐበሾች ምን ትላለህ?

የአፓላቺያን የእግር ጉዞ መንገድ ደጃችሁ ላይ ነው፤ ሸናንዶዋን ሰንጥቆ ያልፋል። ከጆርጂያ እስከ ሜይን 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ። የቢል ብራይሰንን «ኤ ዎክ ኢን ዘ ዉድስ» አንብቡ፤ 1998። ሰውየው ከወፍራም ጓደኛው ጋር ጀምሮ ሳይጨርሰው ቀረ። ያስቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት አልወጣ ላለ ጓደኛ የሚሰጥ መጽሐፍ ነው።

ጥያቄ፦ ስልክ ላይ ብጭነውስ? ምን አሸከመኝ?

ጫነው። ግን ብርድ ባትሪ ይበላል። ባሌ፣ ሳነቴ ላይ፣ 4,000 ሜትር ገደማ፣ ሦስት መጽሐፍ ጭኜ ሄጄ የመጀመሪያው ሌሊት ላይ ስልኬ ሞተ። ሁለተኛውን ሌሊት የብስኩት መጠቅለያ ነው ያነበብኩት፤ ከነ ንጥረ ነገሩ። ስልክህን ስሊፒንግ ባግህ ውስጥ ይዘኸው ተኛ።

ጥያቄ፦ አታንብቡ የምትለው አለ?

አታንብቡ አልልም። የስኮትላንዳዊውን ተጓዥ የጄምስ ብሩስን የዓባይ ምንጭ ጉዞ ግን አትጀምሩት፤ በ1790 የወጣ አምስት ጥራዝ ነው። በ1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ «አገኘሁት» አለ። የካቶሊኩ ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ግን በ1618 አይቶት ነበር። ሰከላ ያለው ገበሬማ ጠፍቶበትም አያውቅ። ስለ ጎንደር ቤተ መንግሥት የጻፈውን ክፍል ብቻ መርጣችሁ እዩ፤ ያ ወርቅ ነው።

ጥያቄ፦ የት ይገኛሉ?

አሮጌዎቹን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉ መጽሐፍ ሻጮች ጋ ጠይቁ። ዋጋ ተከራከሩ፤ ፊታችሁ ላይ ጉጉት እንዳይታይ። ለማንበብ ብቻ ከሆነ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለ። ወመዘክርም፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ አለ።

ጥያቄ፦ ያንተን ታውሰናለህ?

የመርፊውን፣ የላንሲንጉን፣ የሼፐርዱን አውሳለሁ። ኒኮልን አላውስም፤ የለኝማ። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፣ ከናንተው አንዱ ወንጪ ሐይቅ ዳር ላይ «ለሳምንት» ብሎ ወስዶታል። ሽፋኑ ላይ የቡና ጠብታ አለ፣ 112ኛው ገጽ ላይ የአስታ ቅጠል አስገብቻለሁ። ስም አልጠራም። በሚቀጥለው እሑድ ሱሉልታ ስንሄድ ቦርሳው ጎን ኪስ ውስጥ ይዞት ይምጣ። ቅጠሉንም ጭምር።