ሰባ ቀን፣ ሰባ ቁራጭ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የመጨረሻ ልጄ ወታደር እሆናለሁ ብሎ ማሰልጠኛ ከገባ ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ስልጠናው 10 ሳምንት ነው። ስልኩን ተቀብለውታል። ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። እርስዎ ልጅዎ ሠልጣኝ ሳለ ከብጣሽ ጨርቅ ብርድ ልብስ ሰፍተዋል ሲባል ሰማሁ። የስፌት መኪና አለኝ፤ ሙያዬ ግን ቁልፍ ከመትከል አያልፍም። ከየት ልጀምር? ሳይመረቅ ልልክለትስ እችላለሁ?
የሠልጣኝ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልነሳ። አትላኪ። እኔ ልኬ አይቼዋለሁ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ትንሽዬ ሰፍቼ፣ በካርቶን አሽጌ ላክሁ። ካርቶኑ ሳይከፈት ተመልሶ መጣ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ልጄ ግን ሲወጣ ምን አለኝ? «እማዬ፣ እንኳንም ተመለሰ! የሁላችንም አልጋ አንድ ዓይነት ነው የሚነጠፈው። ያንን አበባ አበባ ጨርቅ ታቅፌ ቢያዩኝ እስከ ምረቃ መሳቂያ ነበርኩ።» ለማሰልጠኛው ደብዳቤ ይበቃዋል። ብርድ ልብሱ ቤት ይጠብቀው።

አሁን ወደ ስፌቱ። 10 ሳምንት 70 ቀን ነው። በቀን አንድ ቁራጭ ትሰፊያለሽ፤ ሰባቱ ቁራጭ አንድ ረድፍ፣ አንዱ ረድፍ አንድ ሳምንት። እያንዳንዱን 21.2 ሴንቲ ሜትር በ21.2 አድርገሽ ቁረጪ። በየጎኑ 6 ሚሊ ሜትር ለስፌት ሲሄድ 20 በ20 ይቀራል። ሲያልቅ 140 በ200 ይወጣል፤ አንድ ሰው ደህና አድርጎ ይሸፍናል። ያለፉሽን ዘጠኝ ቀናት በአንድ ከሰዓት ትደርሺባቸዋለሽ።

ያቺ 6 ሚሊ ሜትር ቀልድ አታውቅም። ስፌትሽ በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሰፋ ከእያንዳንዱ ቁራጭ 2 ሚሊ ሜትር ይበላል። አሥር ረድፍ ላይ ሲደመር 2 ሴንቲ ሜትር ሆነ ማለት ነው። አንዱ ረድፍ ሰፍቶ ሌላው ከጠበበ ደግሞ መጋጠሚያዎቹ አይገናኙም። ዘዴው ቀላል ነው፤ ከመርፌው 6 ሚሊ ሜትር ለክተሽ መኪናው ላይ ፕላስተር ለጥፊ። የጨርቁ ጠርዝ ፕላስተሩን እየታከከ ይሂድ። በየስፌቱም ካውያ አሳርፊበት። እኔ መጀመሪያ ካውያ ሰልችቶኝ ዝም ብዬ እሰፋ ነበር። ጓደኛዬ መጥታ አየችና «ድሪቶ ነው እንዴ የምትሰፊው?» አለችኝ። እውነቷን ነበር።

ጨርቁን አትግዢ፤ ቁም ሣጥኑን ክፈቺ። የልጅነት ሸሚዙ፣ ያረጀ አንሶላ፣ ጥጥ እስከሆነ ድረስ ሁሉም ይሆናል። ካናቴራ ግን ይለጠጣል። ሰፊዎች ኮሌታ ውስጥ በካውያ የሚያጣብቁትን ስስ ጨርቅ ከጀርባው ለጥፊበትና ከዚያ ቁረጪ። ቀይ ጨርቅ ደግሞ ሳይፈተን አይግባ። ነጭ እራፊ አርጥበሽ ላዩ ላይ አድርጊና በካውያ ተጫኚው። ነጩ ከቀላ ያ ጨርቅ ይለቃል። የኔ የመጀመሪያው ሥራ አንድ እጥበት ላይ ግማሹ ሮዝ ሆኗል።

ረድፎቹ ተገጣጥመው ሲያልቁ ገበሩን መሬት ላይ ዘርጊ። በየጎኑ አንድ 10 ሴንቲ ሜትር ይትረፍ። መሀል ስስ የጥጥ ንጣፍ፣ ከላይ የሰፋሽው። ሦስቱን በመርፌ ቁልፍ በየመዳፉ ርቀት ያዢያቸው። መስፋት የሚጀመረው ከመሀል ወደ ዳር ነው፤ ከዳር ከጀመርሽ ሽብሽቡ መሀል ላይ ይሰበሰብብሻል። ጠርዙን በመጨረሻ ትቀመቅሚዋለሽ።

እንቅልፍ ያጣሽውም አንቺ ብቻ አይደለሽም። ካትሪን ሮበርትስ የምትባል አሜሪካዊት ልጇ ኢራቅ ዘምቶ ሳለ እንዲሁ ሌሊት ሌሊት በጭንቀት ስትባንን ነው ሐሳቡ የመጣላት። በ2003 (እ.ኤ.አ.) «ኩዊልትስ ኦፍ ቫለር» የሚባል፣ ለወታደሮች ብርድ ልብስ እየሰፋ የሚሰጥ ማኅበር ጀመረች። የመጀመሪያው ብርድ ልብስ በዚያው ዓመት ኅዳር ዋልተር ሪድ ሆስፒታል ውስጥ እግሩን ላጣ ወጣት ወታደር ተሰጠ። እስከ ዛሬ ከ300,000 በላይ ሰጥተዋል። እኛ ግን አራት ነበርን፤ የአራት ሠልጣኞች ወላጆች፣ አንድ ሳሎን፣ ሁለት መኪና። አንድ ሕግ ብቻ ነበረን። የአንዳችን ስልክ ሲጠራ መኪናዎቹ ይቆማሉ።

የኔ የጠራው በ23ኛው ቀን ነው። ድምፁ ጎርንኖ «ደህና ነኝ» አለኝ፤ ደገመው፤ ሰለሰው። ሦስት ደቂቃ አልሞላም። ተመልሼ መኪናው ላይ ተቀመጥኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ የሰፋሁት ስፌት እባብ የሄደበት ይመስላል። አራተኛው ረድፍ፣ ሁለተኛው ቁራጭ። ፍቺው ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ልጄ ቤት የገባ ዕለት ለብሶት ተኝቶ ጣቱን እዚያው ላይ አሳረፈና «እዚህ ጋ ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። «ደውለህ ነበር» አልኩት።

ጥያቄ፦ ሴት ልጄ ማሰልጠኛ ገብታለች። የባለቤቴ የስፌት መኪና ለዓመታት ሳይነካ ቆሟል። መስፋት አማረኝ፤ ግን ወንድ ሆኜ ሰው ምን ይለኛል ብዬ አፍራለሁ።
አባት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ሥራ ወታደሮችም ሠርተውታል። በክራይሚያ ጦርነት ኢንከርማን ላይ ጭንቅላቱን የቆሰለ ቶማስ ዎከር የሚባል እንግሊዛዊ ወታደር ነበር። ሠዓሊው ቶማስ ዉድ በ1856 (እ.ኤ.አ.) ሲስለው ሆስፒታል አልጋው ላይ ተቀምጦ ብጣሽ ጨርቅ እየገጣጠመ ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ወታደሮች ከደንብ ልብስ ሱፍ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። ማንም ምንም ቢልህ ይህን ንገረው።

ከኛ ከአራታችንም አንዱ አባት ነበር። አናጺ ነው። ሁለቴ ሳይለካ አይቆርጥም፤ ከሁላችንም ቀጥ ያለው ስፌት የሱ ነበር። እኔ እንደውም ያስቀናኝ ነበር።

መኪናው ለዓመታት ከቆመ መጀመሪያ ዘይት ጣል አድርግበት። ከዚያ ለማንም የማያሳዝን እራፊ ላይ ደጋግመህ አስኪደው፤ ትርፉን ዘይት ይትፋ። የኛ አናጺ ቸኩሎ ይህን ዘለለው። የልጁ የመጀመሪያ ቀን ቁራጭ ላይ እስከ ዛሬ የምስር ፍሬ የምታህል የዘይት ጠብታ አለች።