የክላሱን ስም ብቀይር ፋይሉ አልከፈት አለ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፈው ከቡሬ ነው። ለአጎቴ የእህል መጋዘን የገባና የወጣ ኩንታል የሚመዘግብ ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሠርቻለሁ። መዝገቡን የማስቀምጠው በፒክል ነው፣ ማለትም ፓይተን ዳታን ፋይል ላይ በሚያስቀምጥበት መሣሪያ። በቀደም ኮዱን ላስተካክል ብዬ የአንድ ክላስ (የዳታው ቅርጽ በኮዱ ውስጥ የሚገለጽበት ክፍል) ስም ብቀይር የድሮዎቹ ፋይሎች አልከፈት አሉ። አንደኛው ደግሞ ሴቭ ሳደርግ መብራት ጠፍቶ ባዶ ሆኖ ቀረ። አጎቴ «ወደ ደብተሬ ልመለስ» እያለ ነው። የራሴን የፋይል ዓይነት ልፍጠር ወይስ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ተረጋጋ ወንድሜ፣ ከባዶው በቀር ሌሎቹ አልጠፉም። ፒክል ከዳታው ጋር የክላሱን ስምና ያለበትን ሞጁል (የኮድ ፋይል) ይጽፋል። ሲከፍት በዚያው ስም ይፈልጋል፣ ካጣው እምቢ ይላል። እዚያው ሞጁል ውስጥ የድሮው ስም ከአዲሱ ክላስ ጋር እኩል ነው የሚል አንድ መስመር ጨምርና ሞክር።

ባዶው ግን ከደብተሩ እንደገና መሞላት አለበት። ፋይል ለመጻፍ ስትከፍት መጀመሪያ የነበረው ይጠፋል፣ አዲሱ የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ነው፤ መብራቱ መሃል ላይ ከሄደ አሮጌውም የለ፣ አዲሱም የለ።

ፒክልን ተወው። የፋይልህን ቅርጽ ከኮድህ ጋር አስሮታል፣ በዚያ ላይ ከሌላ ሰው የመጣ የፒክል ፋይል ስትከፍት ያላሰብኸውን ኮድ ኮምፒዩተርህ ላይ ሊያስኬድ ይችላል። ከባዶ ተነስተህ የራስህን ዓይነት መፍጠርም አያስፈልግህም። የአሁኑ የወርድ ፋይል (docx) እንኳ ውስጡ ዚፕ፣ ማለትም የብዙ ፋይሎች ጥቅል ነው፤ ቅጥያውን (የስሙን መጨረሻ) ወደ ዚፕ ቀይረህ ብትከፍተው ኤክስኤምኤል የሚባሉ የጽሑፍ ፋይሎችንና ፎቶዎችን ታገኛለህ። ለአንተ ግን እኔ የምመርጠው ኤስኪውላይት የሚባለውን ትንሽ ዳታቤዝ ነው። ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል፣ ሁሉም ነገር አንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፣ ቅጥያውንም የፈለግኸውን ማድረግ ትችላለህ። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ ደግሞ በሚቀጥለው ስትከፍት ያላለቀውን ሰርዞ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን አድርግ። ኤስኪውላይት ዩዘር ቨርዥን የሚባል የቁጥር ቦታ አለው፤ እዚያ 1 ብለህ ጻፍ። የሠንጠረዡን ቅርጽ በቀየርህ ቁጥር ወደ 2፣ ወደ 3 ከፍ አድርገው። ፕሮግራምህ ሲከፍት ቁጥሩን መጀመሪያ ያንብብ፣ ፋይሉ አሮጌ ከሆነ ያሻሽለው። ቁጥሩ ፕሮግራሙ ከሚያውቀው የሚበልጥ፣ ማለትም በአዲስ ቅጂ የተሠራ ፋይል ካጋጠመው ግን ሳይነካ በአማርኛ ይናገርና ይዝጋ፣ ብዙ ሰው ይህቺን ይረሳል።

ቀኑም ያስቸግርሃል። ፓይተን ጳጉሜን አያውቅም። ጥቅምት 30ን በ2ኛ ወር 30ኛ ቀን ብለህ ብትሰጠው ፌብሩዋሪ 30 መስሎት ይጮህብሃል። ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጥ፣ ለአጎትህ ስክሪን ላይ በእኛው አሳየው፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ፋይሉ ውስጥ 2024-09-11 ይሆናል። ክብደቱንም በኩንታል ከነነጥቡ ሳይሆን በግራም ሙሉ ቁጥር ጻፈው።

ጽሑፉ የሚቀመጠው ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ ይሁን። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደሎች ሁሉ ቁጥር የሚሰጥ መስፈርት) ውስጥ የገባው በ1999 በፈረንጅ ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፎንት የራሱ አሠራር ነበረው። እኔም በአንዱ የጻፍሁት ነበረኝ፣ ፎንቱ ሲጠፋ ሁሉም የላቲን ዝባዝንኬ ሆኖ ቀረ።

መጠባበቂያ በፍላሽ ስትቀዳ ደግሞ ፕሮግራሙን መጀመሪያ ዝጋው፤ እየጻፈ ሳለ የተቀዳ ፋይል የተበላሸ ሊሆን ይችላል።