መኪናችን የማንን እግር ለመደች?

ጥያቄ፦ አውቶማቲክ መኪናችንን ከባለቤቴ ጋር በጋራ እንጠቀማለን። እሱ ችኩል ነጂ ነው። እኔ በተረከብኳት ቁጥር መጀመሪያ ላይ ማርሽ ቶሎ አትቀይርም፣ ሞተሯም ይጮኻል፤ ጥቂት ከሄድኩ በኋላ ግን ትረጋጋለች። ባትሪዋ ከተቀየረ ወዲህ ደግሞ ማን ቢነዳት ከ1ኛ ወደ 2ኛ ማርሽ ስታልፍ ገጭ ትላለች። መካኒኩ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ይውረድ ይላል። ምን ይሻለናል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የገለጹልን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው። የመጀመሪያው ብልሽት አይመስልም። የካምቢዮው ኮምፒውተር የነዳጅ ፔዳሉ ምን ያህል በጥልቀትና በምን ፍጥነት እንደሚረገጥ እየተከታተለ ማርሽ የሚቀየርበትን ጊዜ ያፈጥናል ወይም ያዘገያል። ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1990 ሞዴል 911 ላይ ያቀረበው ቲፕትሮኒክ ካምቢዮ በዚህ መንገድ ከ5 የአቀያየር ዕቅዶች አንዱን ይመርጥ ነበር። ኮምፒውተሩ መሪ የያዘው ማን እንደሆነ አያውቅም፤ የሚያውቀው በቅርብ ጊዜ የተረገጠውን አረጋገጥ ብቻ ስለሆነ፣ እርስዎ ረጋ ብለው ሲነዱ የባለቤትዎን ልማድ ቶሎ ይተዋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር አየር ያንሰዋል፤ ስለዚህ ወደ እንጦጦ ሲወጡ እርስዎም ፔዳሉን ጠልቀው መርገጥዎ፣ ማርሹም መዘግየቱ አይቀርም።

ሁለተኛው ግን በጥንቃቄ መታየት አለበት። በካምቢዮው ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሸራዎች (ተጣብቀው ማርሹን የሚያስይዙት ክፍሎች) በአገልግሎት እየሳሱ ሲሄዱ፣ ኮምፒውተሩ ማርሹ ለመያዝ የወሰደበትን ጊዜ እየለካ የዘይቱን ግፊት ያስተካክላል፤ ይህን ማስተካከያም ለረጅም ጊዜ ይዞ ያቆየዋል። በአንዳንድ መኪኖች ባትሪ ሲፈታ ይህ የተጠራቀመ ዕውቀት ይጠፋና ካምቢዮው ለአዲስ ሸራ በተወሰነው ግፊት ይጀምራል፤ ያረጀ ካምቢዮ ገጭ የሚለውም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት የዘይቱ መጠንና ዓይነት በመኪናዋ መመሪያ መሠረት ይታይልዎ። ዘይቱ ጠቁሮ የመቃጠል ሽታ ካለው መካኒኩ እውነት ሊኖረው ይችላል። ደህና ከሆነ ግን ኮምፒውተሩ ትክክለኛውን ግፊት እንደገና እንዲማር፣ ሞተሩና ዘይቱ ከሞቁ በኋላ፣ ፔዳሉን በመጠኑና ሳያወላውሉ እየረገጡ ሁሉም ማርሾች ተራ በተራ እንዲገቡ ያድርጉ፤ ከዚያም ቀስ ብለው ፈጽመው ይቁሙ፤ ይህንኑም ለጥቂት ቀናት ደጋግመው ይሞክሩት። አንዳንድ መኪኖች ትምህርቱን የሚጀምሩት በመመርመሪያ መሣሪያ ሲታዘዙ ብቻ ስለሆነ፣ ለውጥ ካላዩ መሣሪያው ያለው ባለሙያ ዘንድ ይውሰዷት። ሕመሙ ሳይታወቅ «ሜሞሪውን እናጥፋው» የሚልዎ ካለ ግን አይፍቀዱ፤ ኮምፒውተሩ በብዙ ወራት የለካውን አጥፍቶ ገጭታውን ሊያባብሰው ይችላል።