ከበር እስከ በር ፈገግ ማለት አይጠበቅብሽም

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በስታቲስቲክስ ተመርቀሽ ለጥናት ረዳትነት ሦስት ቦታ ተወዳድረሻል። የመጀመሪያው ቦታ ላይ ከጠያቂዎቹ አንዱ «ምነው ኮስተር አልሽ?» አለሽ። ይህን የሰማ ሁሉ «ፈገግ በይ እንጂ!» ይልሽ ጀመር። ሁለት ሳምንት መስታወት ፊት ቆመሽ ተለማመድሽ። ሦስተኛው ቃለ መጠይቅ ላይ ከገባሽ እስክትወጪ ፈገግታው ከፊትሽ አልጠፋም። «ስወጣ ጉንጬን ያመኝ ነበር» ብለሻል። ሥራው ግን ለሌላ ሰው ሆነ። ጥያቄሽም «ሥራ የሚያሳጣኝ ፊቴ ነው ወይ?» የሚል ነው።

እህቴ፣ ፊትሽ ምንም አልሆነም። የጎደለው ምክሩ ነው። «ፈገግ በይ» ያለሽ ሰው ሁሉ መቼ፣ ለማን፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አልነገረሽም። ቁም ነገሩ ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

በፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ያንቺን ታሪክ ያየ ይመስላል። ሞሊ ሩበን፣ ጁዲት ሆል እና ማሪያን ሽሚድ ማስት ሰዎችን በዕጣ ጠያቂና ተጠያቂ አድርገው አስቀመጡ። ሥራው የጋዜጣ ሪፖርተርነት ነው። ቃለ መጠይቁ ለጥናት የተዘጋጀ እንጂ የእውነት ቅጥር አልነበረም። ፈገግታ ያበዙት የመመረጥ ዕድላቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ። እኔን የነካኝ ግን ሌላው ውጤት ነው። ጥሩ ሆነው ለመታየት በጣም የጓጉት ተወዳዳሪዎች ፈገግታ አበዙ፤ ያው ፈገግታ ጎዳቸው። ጉንጭሽን እስኪያምሽ የለፋሽው ትዝ አለኝ። ነገሩ የተሳካላቸው መግቢያና መውጫው ላይ ፈገግ ብለው መሃሉ ላይ ቀነስ ያደረጉት ናቸው። ተመራማሪዎቹ ቀጥለው እነዚያኑ ቪዲዮዎች ለሌሎች ሰዎች አሳዩ። ተወዳዳሪው የሚፈልገው ሥራ ምን እንደሆነ ግን እየቀያየሩ ነገሯቸው። ፈገግታ መብዛቱ ይበልጥ የጎዳው ቁም ነገረኛ ሰው በሚጠበቅባቸው ሥራዎች ላይ ነበር። እንግዳ ለመቀበል ብትወዳደሪ ኖሮ ምክሬ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። አንቺ ግን የምትቀጠሪው ቁጥር ልትመረምሪ ነው።

የዓይንሽን ጥግ ለመጨማደድ እንደሞከርሽም ጽፈሻል። «እውነተኛ ፈገግታ ዓይን ላይ ነው» ሲባል ሰምተሽ መሆን አለበት። አባባሉ ሥር አለው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን የፊት ጡንቻዎችን በኤሌክትሪክ እየነካካ ያጠናውን በ1862 አሳተመ። የከንፈርን ጥግ ወደ ላይ የሚስበውን ጡንቻ ሰው ሲፈልግ ያዝዘዋል፤ በዓይን ዙሪያ ያለው ግን የሚንቀሳቀሰው በእውነተኛ ደስታ ብቻ ነው አለ። ሐሳቡ ለረጅም ጊዜ ሲታመንበት ቆየ። በቅርብ ዓመታት የተሠሩ ሙከራዎች ግን ብዙ ሰው ዓይኑንም አስመስሎ መጨማደድ እንደሚችል አሳዩ። ስለዚህ በዓይንሽ ጥግ አትድከሚ። ይልቅ ፍጥነቱን ተመልከቺ። ኤቫ ክሩምሁበር እና ባልደረቦቿ በ2009 ያወጡት ጥናትም በተመሳሳይ የልምምድ ቃለ መጠይቅ ላይ የተሠራ ነው። ፈገግታው ቀስ ብሎ መጥቶ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ለሥራው ይበልጥ ተስማሚ ሆኖ ታየ። ብልጭ ድርግም የሚለውን ተመልካቾቹ አላመኑትም። ፖል ኤክማን እና ዋላስ ፍሪሰን ደግሞ በ1982 እንደጻፉት፣ ከስሜት የሚመጣ ፈገግታ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ሰከንድ አያልፍም። አንቺ ግማሽ ሰዓት ያዝሽው። ጉንጭሽን ቢያምሽ ምን ይገርማል?

ከሁሉ የምወደው የሮበርት ክራውት እና የሮበርት ጆንስተን የ1979 ጥናት ነው። ቦውሊንግ፣ ማለትም ኳስ አንከባሎ የቆሙ እንጨቶችን የመጣል ጨዋታ፣ የሚጫወቱ ሰዎችን ፊት ተመለከቱ። ተጫዋቹ ኳሷን አንከባሎ በደንብ ሲጥል እንኳ፣ ዓይኑ ወደዚያው እያየ ፈገግ የሚለው ከስንት አንዴ ነው። ዞር ብሎ ጓደኞቹን ሲያይ ግን ፊቱ ይፈካል። ደስታው ያው ነው፤ የተጨመረው ሰው ነው። አንቺ መስታወት ፊት ስትለማመጂ ፈገግታሽን የሚቀበል ሰው አልነበረም። ያንኑ ይዘሽ ጠያቂዎቹ ፊት ቀረብሽ። ጉንጭሽን ስትጠብቂ ጥያቄውን ማን ሰማው?

እኔም ጠያቂ ሆኜ የተቀመጥኩባቸው ቀናት አሉ። አንዱን ልጅ ሥራ ላይ ተሳስቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅነው። ቅንድቡን ሰብስቦ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ መስመር እያሰመረ፣ አንድ ዓምድ ሁለቴ ደምሮ ሪፖርት እንዳስረከበና ማታውኑ ራሱ እንዳገኘው አስረዳን። አንዴም ፈገግ አላለም። ጨርሶ ቀና ሲል ከመካከላችን አንዷ «እኔም ሠርቼዋለሁ» አለችው። ያኔ እሷን እያየ ፈገግ አለ። ልጁ ተቀጠረ።

መስታወቱን ተይውና ጓደኛሽን ጥሪያት። ስልክሽ እየቀረፀሽ ሃያ ደቂቃ ትጠይቅሽ። ከባድ ጥያቄ ይኑርበት፤ ለምሳሌ የመረጃው ሲሶ ቢጎድል ምን እንደምታደርጊ ትጠይቅሽ። ስትገቢ ዓይኗን እያየሽ ሰላም በያት፤ ፈገግታው ራሱ ይመጣል። ጥያቄው ሲጀመር ፊትሽን እርሺው። ኮስተር ካለም ይበል። ቪዲዮውን መጀመሪያ ድምፁን ዘግተሽ፣ ቀጥሎ ከነድምፁ እዪው። «ምነው ኮስተር አልሽ?» የሚል ሰው ዳግም ቢገጥምሽ «ጥያቄውን እያሰብኩበት ነው» በይው። እውነትሽን ነው።

የሚቀጥሉት ጠያቂዎችሽ ከተለያየ አገር የመጡ ናቸው ብለሻል። በ2016 ኩባ ክሪስ እና ባልደረቦቹ ባወጡት በ44 ባህሎች ላይ የተሠራ ጥናት፣ ፈገግ ያለ ሰው አንዱ ጋ ብልህ ሲባል ሌላው ጋ ደግሞ ዝቅ ተደርጎ ታይቷል። ሁሉንም በአንድ ፊት ለማስደሰት አትጨነቂ።

ሦስተኛው ቦታ ያልመረጡሽ በፈገግታሽ ይሁን በመልስሽ ከዚህ ሆነን መለየት አንችልም። አጭር ኢሜይል ጻፊላቸውና ምን እንደጎደለሽ ጠይቂያቸው። ከጓደኛሽ ጋር ከተቀረፃችሁ በኋላም ጻፊልኝ። ስለ ጎደለው መረጃ ስትጠየቂ የሰጠሽውን መልስ መስማት እፈልጋለሁ።