ጎለም እጁን የዘረጋበት ምዕራፍ

ውድ ወጣቶች፦

ከመካከላችሁ አንዱ «የቀለበቶቹን ጌታ ጨርሻለሁ፤ ተመልሼ የትኛውን ምዕራፍ ላንብብ?» ሲል ጠይቆኛል። ወደ ፔሌኖር ሜዳ ውጊያ ማንም ሳይመክራችሁ ትመለሳላችሁ፤ እሱን ልተወው። ጥያቄው የቀሰቀሰብኝ የቆየ ቁጭት ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ አራተኛው መጽሐፍ፣ ምዕራፍ 8፣ የኪሪት ኡንጎል ደረጃዎች ላይ።

ስትፈልጉት እንዳትሳሳቱ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ ቢታተምም ደራሲው ቶልኪን የከፈለው በስድስት መጽሐፍ ነው፤ የምዕራፍ ቁጥሩም በየመጽሐፉ እንደ አዲስ ከ1 ይጀምራል። ስለዚህ ሁለተኛው ቅጽ ውስጥ ሁለት ምዕራፍ 8 አለ። የመጀመሪያው ወደ አይዘንጋርድ ይወስዳችኋል፤ የምትፈልጉት የኋለኛውን ነው።

ክፉውን ቀለበት ሊያጠፉ የሚጓዙት ፍሮዶና አገልጋዩ ሳም ደረጃውን ወጥተው ዝለዋል። ሳም ስለ ድሮ ተረቶች እያወራ፣ ቀለበቱ ድሮ በእጁ የነበረውና አሁን መንገድ የሚመራቸው ጎለም ራሱን የሚያየው እንደ ጀግና ይሁን እንደ ክፉ ሰው ያሰላስላል፤ «ጀግናው መሆን ትፈልጋለህ?» ብሎም በቀልድ ይጣራል። ጎለም ግን ቦታው ላይ የለም። የት እንደሄደ የሚነግራችሁ በአባሪው ውስጥ ያለው የዘመን ሰንጠረዥ ነው፤ ማርች 11 ላይ ሸረሪቷ ሺሎብ ዘንድ ሄዶ እንደነበር፣ ፍሮዶን ተኝቶ ሲያየው ደግሞ ሊጸጸት ምንም እንዳልቀረው በአንድ መስመር ተጽፏል።

ሲመለስ ሁለቱንም እንቅልፍ ጥሏቸዋል። የፍሮዶ ራስ ሳም ጭን ላይ ነው፤ የሳም አንድ እጅ በጌታው ግንባር፣ ሌላው በደረቱ ላይ አርፏል። ጎለም ቆሞ ያያቸዋል። የዓይኑ ብልጭታ ይጠፋል፤ ዓይኖቹ ይፈዛሉ፣ ያረጃሉ። ዘወር ብሎ ወደ ተራራው በር ሽቅብ ያያል፤ ከራሱ ጋር እንደሚሟገት ሰው ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ተመልሶ የሚንቀጠቀጥ እጁን ቀስ አድርጎ ይዘረጋና የፍሮዶን ጉልበት ይነካል፤ መዳበስ ቢባል ይቀላል። ፍሮዶ ይቃዣል፣ ሳም ይባንናል። ጌታውን ሊጎዳ የመጣ መስሎት ተደብቆ ሄዶ ተደብቆ የሚመጣ ክፉ ሽማግሌ እያለ ያንጓጥጠዋል። በቃ፣ አረንጓዴው ብልጭታ ወደ ጎለም ዓይን ይመለሳል።

ሳም ወዲያው ይቅርታ እንደሚጠይቅ በመጀመሪያው ንባብ ልብ የሚል ጥቂት ነው። ከእንቅልፌ አስደንግጠኸኝ ነው ይለዋል። ይቅርታው ግን ግማሹ ወቀሳ ነው፤ ጊዜውም አልፏል። ቶልኪን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1963 በጻፈው ደብዳቤ ሳም የጎለምን መለወጥ ሳያስተውል የቀረበት ይህ ቅጽበት ምናልባት ለእርሱ በታሪኩ ውስጥ ከሁሉ የሚያሳዝነው እንደሆነ ገልጿል። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፦ ታሪኩ የቀረበልን ቢልቦ (ከፍሮዶ በፊት ቀለበቱን የያዘው)፣ ፍሮዶና ሳም ራሳቸው ከጻፉት «ቀይ መጽሐፍ» እንደተወሰደ ሆኖ ነው። ሁለቱ ተኝተው ከነበረ የጎለምን ፊት ያየው ማን ነው? ተከራከሩበት።

ፊልሙን ብቻ ያያችሁ ይህን ቦታ አታውቁትም። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ሦስተኛው ፊልም ጎለም ስንቁን ጥሎ በሳም ያሳብባል፣ ፍሮዶም ሳምን ያባርረዋል፤ መጽሐፉ ውስጥ እንዲህ የሚባል ነገር የለም። የዛሬ ልጆች ደግሞ ፊልሙንም ቆራርጣችሁ በስልክ ነው የምታዩት፤ ምን ይደረግ!

ይህን ምዕራፍ ነጥላችሁ ካነበባችሁት ጎለም ሳይለወጥ ለመቅረቱ ጥፋቱ ሁሉ ሳም ላይ ይወድቃል። መጽሐፍ መዝለል አይገባም ባይ ነኝ፤ ለድጋሚ ንባብ ግን ከ62ቱ ምዕራፎች ስድስቱን ብቻ አንብቡ እላለሁ። ከእነሱ በፊት ቶልኪን ቀደም ብሎ የጻፈውን «ሆቢት»ን አውጡና ምዕራፍ 5ን አንብቡ፤ ቢልቦ በጨለማው ዋሻ ጎለምን ሊወጋው ሲችል አዝኖለት በላዩ ዘሎ ያልፋል። እትሙን ግን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣው የመጀመሪያ እትም ጎለም ቀለበቱን ለእንቆቅልሹ ሽልማት አድርጎ ያስይዛል፤ ሲያጣውም ይቅርታ ጠይቆ መውጫውን ያሳያል። ቶልኪን ይህን የቀየረው በ1951ዱ እትም ነው፤ የቀድሞውንም ቢልቦ የተናገረው ውሸት አደረገው። ደራሲ ስህተቱን እንዲህ ወደ ባሕርይ መግለጫ ሲለውጥ ማየት ብቻውን ሌላ ደብዳቤ ይወጣዋል።

ከዚያ የአንደኛው መጽሐፍ ምዕራፍ 2፦ ፍሮዶ ቢልቦ ያኔ ጎለምን ባለመግደሉ ይቆጫል፣ ጠንቋዩ ጋንዳልፍ ይገሥጸዋል። የአራተኛው መጽሐፍ ምዕራፍ 1 ላይ ፍሮዶ ጎለምን በዓይኑ ሲያየው ያንን ንግግር ያስታውሳል፣ ያዝንለታልም። ምዕራፍ 3 ላይ ግን ያስፈራራዋል፤ ቀለበቱን አጥልቄ ባዝዝህ እሳት ውስጥም ብሆን ትዘላለህ ይለዋል። ይህቺን ዛቻ ያዟት። ምዕራፍ 6ን ብዙ ሰው ያልፈዋል፤ ሳም ብቻውን ጥፋተኛ የሚመስለውም በዚህ ምክንያት ነው። ፍሮዶ እዚያ ጎለምን ከጦር አዛዡ ፋራሚር ቀስተኞች ለማዳን ብሎ አታልሎ ያስይዘዋል። ለፍሮዶ ማዳን ነው፤ ለጎለም ክህደት ነው። ደረጃዎቹ ላይ እጁን የዘረጋው ይህን ቁስል ይዞ ነው።

መጨረሻው የስድስተኛው መጽሐፍ ምዕራፍ 3 ነው። ሳም ሰይፉን መዝዞ ጎለም እግሩ ሥር ሲወድቅ አይወጋውም፤ ቀለበቱን ለጥቂት ጊዜ እሱም ተሸክሞታልና ስቃዩ ይገባዋል። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በዝግታ አንብቡ፤ የአራተኛው መጽሐፍ ምዕራፍ 3 ዛቻ የት ላይ እንደሚፈጸም፣ ፍሮዶም በጎለም ምክንያት ስለሆነው ነገር በመጨረሻ ምን እንደሚል። ወደ ምዕራፍ 4 ወዲያው አትሂዱ። እዚያ የሚጠብቃችሁ የድል በዓል ነው፤ ዘፈኑና ውዳሴው ጎለምን ከአፍታ በኋላ ያስረሳችኋል፤ ለሌላ ቀን አቆዩት።