ላሜ ሆዷ ተነፋ፣ ምን ላጠጣት?

ክረምት ላይ ማገጡ ሲለመልም የከብት ሆድ ጥያቄ ይበዛል። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከዙሪያቸው የጠየቃችሁኝን እነሆ እመልሳለሁ። እኔ ቅጠል አልንቅም። ፌጦ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት እቤቴም አይጠፋም። ግን የሆድ ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም። ላሚቱን ምን እንደያዛት ሳይለይ የሚሰጥ ቅጠል፣ ባይጎዳት እንኳ ጊዜዋን ይበላባታል።

ጥያቄ (ከገራዶ)፦ ጋሼ፣ ላማችን ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ማገጥ በልታ የግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ፌጦ በነጭ ሽንኩርት አጠጣናት፤ ምንም አልቀነሰ። አሁን ምን እናድርግ?

መልስ፦ የማገጥና የአልፋልፋ ንፋት አረፋ ነው። ጋዙ አረፋው ውስጥ ታስሮ ስለሚቀር ላሚቱ ልታገሳው አትችልም። ፌጦ አረፋ አይሰብርም። የሚሰብረው ዘይት ነው። ለትልቅ ላም ከሩብ እስከ ግማሽ ሊትር የምግብ ዘይት ስጧት። የኑግም ይሁን ሌላ፣ ቤት ያለው ይበቃል። ከዚያ ቀስ እያላችሁ አንሸራሽሯት። ስትቆም ፊቷ ወደ ዳገቱ ይሁን፤ የፊት እግሮቿ ከፍ ሲሉ መተንፈሱም ማግሳቱም ይቀላታል። የልብስ ሳሙና ዱቄት በጥብጣችሁ እንዳትሰጡ፣ አደራ።

አንገቷን ዘርግታ በአፏ የምትተነፍስ ከሆነ ግን ዘይት ሰጥቶ መጠበቅ የለም፤ ሐኪም አሁኑኑ ይጠራ። ጎኗን በቢላ ልውጋ የሚል ጎረቤት መቼም አይጠፋም። አረፋው ቀዳዳውን ይደፍነዋል እንጂ አይወጣም፤ ቁስሉ ግን ይቀራል። ከነገ ጀምሮ ጭድ ወይም ድርቆሽ ሳትበላ ወደ ማገጡ አትውጣ። ጤዛውም ይርገፍ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ እኛ ስናጠጣ አንዱ ምላሷን ይስባል፣ ሌላው ያንቆረቁራል። ልክ ነን?

መልስ፦ አይደላችሁም፣ እህቴ። ምላሷ ከተያዘ መዋጥ አትችልም። ያልተዋጠው ወደ ሳንባ ይገባል። ሆዷ ድኖ በሳንባ ምች የምትሞት ላም ብዙ ናት፤ ሰው ግን «መድኃኒቱ አልያዘላትም» ይላል። ስለዚህ ይሄን በደንብ ያዙልኝ።

የሃይላንድ ፕላስቲክ ተጠቀሙ፤ ጠርሙስ አፏ ውስጥ ይሰበራል። ራሷን ቀና አድርጉት፣ ግን አፍንጫዋ ከዓይኗ ከፍታ አይለፍ። የፕላስቲኩን አፍ በአፏ ጥግ፣ ጥርስ በሌለበት ክፍተት አስገቡ። አንድ ጉንጭ አፍስሱና ቁሙ። ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ፤ ያኔ ቀጣዩን። ካሳለች ወዲያው ራሷን ልቀቁት። ዘይት ሳንባ ከገባ ማከሙ በጣም ከባድ ነው። ተኝታ ራሷን መያዝ ላቃታት ላም ደግሞ በአፏ ምንም አይሰጥ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ማታ ገመድ በጥሳ የስንዴ ዱቄት ማዳበሪያ ውስጥ ገባች። ዝንጅብል ቀቅዬ ልስጣት?

መልስ፦ ዝንጅብሉ ይቆይ፣ ዘይቱም ይቆይ። ዱቄት ሲበዛ ሆዷ ውስጥ አሲድ ይሆናል። የቀረውን ዱቄት አርቁ፣ ድርቆሽ ብቻ ስጡ። የበላችው ጥቂት ከሆነና ቆማ የምትሄድ ከሆነ 150 ግራም ገደማ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጣችሁ ቀስ እያላችሁ አጠጧት። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነው፣ እንዳትሳሳቱ። ብዙ ከበላች ግን ምልክት አትጠብቁ። ምልክቱ በማግስቱም ሊመጣ ይችላል፦ እበቷ ይቀጥናል፣ ይኮመጥጣል፣ ዓይኗ ይጎደጉዳል፣ ትተኛለች። ያኔ ማዳኑ ይከብዳል። ሐኪም ዛሬውኑ ይያት።

ጥያቄ (ከቦርከና ዳር)፦ ላሟ ከስታለች፣ ወተቷ ቀንሷል፣ ከመንጋጋዋ ሥር አብጧል። አባቴ እንዶድ ወይ ኮሶ እንስጣት ይላሉ።

መልስ፦ የምትለው የጉበት ትል ይመስላል። ረግረግ ዳር ለሚግጥ ከብት የተለመደ ነው። አባትህ እንዶድን ያነሱት ያለ ነገር አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ምርምራቸው የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ ለማጥፋት ነበር። የጉበት ትልም ያለ ቀንድ አውጣ አይራባም። እንግዲህ የእንዶድ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ያለው ቀንድ አውጣ ላይ ነው፤ ላሟ ጉበት ውስጥ ያለውን ትል አይደርስበትም። ብትጠጣው ሆዷን ያቃጥላል፣ ሊገድላትም ይችላል። ወንዝ ውስጥም አትጨምሩት፣ ዓሣውን ይፈጃል።

ኮሶ የሰው የኮሶ ትል መድኃኒት ነው። ሲበዛ መርዝ ነው፤ ለእርጉዝ ላም ከቶ አይታሰብም።

አንተ ትኩስ እበቷን በንጹህ ፌስታል ቋጥረህ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰድ፤ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪም እዚያው ኮምቦልቻ አለላችሁ። አልቤንዳዞል ከጉበት ትል የሚገድለው ትልልቁን ብቻ ነው፤ ትራይክላቤንዳዞል ትንንሹንም ይይዛል። እርግዝናዋ ገና ከሆነ ለሐኪሙ ንገረው፤ አልቤንዳዞል በመጀመሪያው ወቅት ጽንሱን ይጎዳል። ወተቷ ስንት ቀን እንደማይጠጣም ሳትጠይቅ አትውጣ። አብሽር፣ በጊዜው ከታከመች ታገግማለች። ረግረጉን ካላራቃችኋት ግን ትሉ ይመለስባታል።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ታማ ድናለች። መብላት ግን አቃታት፣ አታመሰኳም። ለምግብ ፍላጎት ቅጠል አለ?

መልስ፦ ጥቂት ዝንጅብል ወይም ፌጦ እዚህ ላይ ቢሰጥ አልቃወምም። የበለጠውን ልንገርዎ፦ የጤነኛ ከብት የጨጓራ ፈሳሽ። ሆዷ ውስጥ መኖውን የሚያብላሉት ጥቃቅን ሕይወታት ናቸው፤ በበሽታው ወይም በመድኃኒቱ ሲያልቁ ሣር ገብቶ እዚያው ይቆማል። ቄራ ላይ በሬ ሲታረድ፣ ሐኪም አይቶ ጤነኛ ነው ካለው፣ ከትልቁ ጨጓራ ውስጥ ያለውን በንጹህ ጨርቅ ይጭመቁ። ሦስት ሊትርና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ሳይቀዘቅዝ ይድረስላት። ብዙ ስለሆነ ሐኪሙ በቱቦ ቢያስገባላት ይሻላል። ሽታው ደስ አይልም፣ ሥራው ግን ግሩም ነው።

ጥያቄ፦ ፌስታል የበላች ላም በተልባ ታስወጣለች ይባላል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ፌስታልም ሽቦም በተልባ አይወጣም። መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። ጥቅል ጎመንና የድንች ልጣጭ ስትሰጡ በፌስታል ቋጥራችሁ አትወርውሩ፣ በእናታችሁ።

ጥያቄ፦ ከወለደች ሁለት ቀኗ ነው። ወደቀች፣ ጆሮዋ ቀዘቀዘ፣ ሆዷም ተነፍቷል። ጤና አዳም ልስጣት?

መልስ፦ አይስጡ። ይሄ የካልሲየም እጥረት ሳይሆን አይቀርም፤ ሆዷ የተነፋው ስለወደቀች ነው። በአፍ ምንም አይግባ። በደረቷ ደግፈው ያስቀምጧት፣ ሐኪም በደም ሥር ካልሲየም ይስጣት። ብዙዎቹ ወዲያው ይነሳሉ። ሰዓታት ከዘገየ ግን ላትነሳ ትችላለች።

ጥያቄ (ከቃሉ)፦ ማታ ደህና ነበረች። ጠዋት ሆዷ ተነፍቶ ሞታ አገኘናት፣ ካፍንጫዋ ጥቁር ደም ይፈሳል። ንፋት ነው የገደላት?

መልስ፦ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። አትክፈቷት፣ ቆዳዋን አትግፈፉ፣ ሥጋዋን ለውሻም አትስጡ። ሰውን ይገድላል። ልጆች አይጠጉ። የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም ጥሩ፤ አቀባበሯን እሱ ያሳያችኋል። አብረዋት የነበሩት ይከተቡ። የነካት ሰው ቁስል ካወጣ ወይም ካተኮሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ ምን እንደነካም ይናገር።

ጥያቄ፦ ነጭ ሽንኩርት ስሰጣት ወተቱ ይሸታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከታለበች በኋላ ስጫት፣ እስከሚቀጥለው አለባ ይቀንሳል። መጠኑንም አታብዢ። ሽንኩርት ሲበዛ የከብት ደም ያፈርሳል፤ ከገበያ የሚጣለውን ቀይ ሽንኩርትም በአንዴ ክምር አርገሽ አትስጫት።