በጥምቀት ጠዋት የሚሞላው ቁጥር

ስለ ትልልቅ ቁጥሮች ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከመጡት ጥያቄዎች ብዙዎቹ በአንድ ቁጥር ዙሪያ ናቸው፦ 2,147,483,647። ዛሬ ሌላውን ሁሉ ትቼ እሱን ይዣለሁ።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ የምጫወተው ጌም ነጥቤ 2,147,483,647 ሲደርስ አልጨምር አለ። ምነው እዚህ ላይ?

መልስ፦ ጌሙ ነጥብዎን የሚይዘው በ32 ቢት ነው። አንድ ቢት 0 ወይም 1 ብቻ ይይዛል። አንዱ ቢት ቁጥሩ ከዜሮ በታች መሆን አለመሆኑን ያሳያል። የቀሩት 31ዱ በሙሉ 1 ሲሆኑ የሚገኘው ይሄ ቁጥር ነው፤ 31 ሁለቶችን አባዝቶ 1 መቀነስ ማለት ነው። መቆሙ ደግሞ ደግ ነው። ጥንቃቄ የጎደለው ፕሮግራም ቢሆን፣ 1 ሲጨመር ወደ −2,147,483,648 ይገለበጥ ነበር። ሀብታም ሆነው ተኝተው ባለዕዳ ሆነው መንቃት!

ጥያቄ፦ ከ1ና ከራሱ በቀር ለምንም አይካፈልም ይባላል። ኮምፒውተር ሳይኖር ይሄ እንዴት ታወቀ?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ብቸኛ ቁጥር ነው። በ1772 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ነው፤ ያውም ዓይኑ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ። ቁጥሩ አካፋይ ካለው አንዱ የግድ ከ46,341 በታች ይሆናል። ከዚያ በታች ወደ 4,800 የሚጠጉ ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። ሁሉንም መሞከር አሰልቺ ነው። ኦይለር ግን አቋራጭ ነበረው፦ አካፋዩ ለ248 ሲካፈል የግድ 1 ወይም 63 መትረፍ አለበት። በዚህ መንገድ የሚቀሩት 370 ገደማ ናቸው፤ ከነሱም ብዙዎቹ ራሳቸው ብቸኛ ስላልሆኑ ይወድቃሉ። 63 ለ3 ይካፈላል፣ ይውጣ። 249ም እንዲሁ። መጀመሪያ የሚሞከረው 311 ነው። ያካፍሉት፦ 6,905,092 ደርሶ 35 ይተርፋል። አልሆነም፣ ቀጣዩ! እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው አንዱም እኩል አልገባም። እኔ በካልኩሌተርም አሥሩን አልጨርስም ነበር።

ጥያቄ፦ በ2030 ዓ.ም. ጥምቀት ኮምፒውተሮች ያብዳሉ የሚባለው ወሬ ነው?

መልስ፦ መነሻው እውነት ነው። ብዙ ኮምፒውተሮች ሰዓት የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ነው። የ68 ዓመት ሰከንዶች ተደምረው ይሄን ቁጥር የሚሞሉት ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ጠዋት በአዲስ አበባ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። ሕዝቡ ጥምቀተ ባሕር ላይ እያለ ማለት ነው። አንድ ሰከንድ ሲጨመር፣ በ32 ቢት የሚቆጥር ማሽን ወደ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ይመለሳል፤ ምኒልክ ዙፋን ላይ ናቸው። አዳዲሶቹ ስልኮችና ኮምፒውተሮች በ64 ቢት ስለሚቆጥሩ አይነካቸውም። የሚያሰጋው ማንም ዞር ብሎ የማያየው አሮጌ መሣሪያ ነው።

ጥያቄ፦ 31 ብቸኛ ስለሆነ ነው ውጤቱም ብቸኛ የሆነው?

መልስ፦ ያ ብቻውን አይበቃም። 11ም ብቸኛ ነው፤ ግን 11 ሁለቶችን አባዝተው 1 ሲቀንሱ 2,047 ይመጣል፣ እሱም 23 ሲባዛ በ89 ነው። ከ31 በኋላ የሚሠራው 61 ነው።